ቀብሩ መጨረሻ ላይ ነው

ጥፋቴ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ በምስማር መምታቴ ነበር። እሑድ ከሰዓት ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ሰው መሰብሰብ የተከለከለበት ሰሞን። እኔ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነኝ። ከፎቶ ቤቴ ጀርባ ባለችው ክፍል ጓደኞቼን ሰብስቤ፣ ምስሉን በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ለቅቄ፣ ፊልም እያየን ነበር። ፖሊሶቹ በር ላይ የተደረደረውን ጫማ አይተው ገቡ። ከመካከላቸው ረጅሙ ፖሊስ መብራት ከማብራቱ በፊት ትንሽ ቆሞ ግድግዳውን አየና፣

"ይቺ ሴትዮ ምን እየጠበቀች ነው?" አለ።

"ባቡር" አልኩት።

ላፕቶፑ ላይ የተሰካውን ፍላሽ ነቅሎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ጫማችንን እንኳ አስተካክለን ሳናጠልቅ ወደ መኪናው አስወጡን።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት የሰው ሽታ እጠብቅ ነበር፤ የመጣብኝ ግን የጤፍ ብናኝ ነው፣ ወዲያው አስነጠሰኝ። መስኮቱን በቆርቆሮ ደፍነውታል። በምስማር ቀዳዳዎቹ የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ነጠብጣብ ይሠራል፤ ሰዎቹ ጥጋጥጉን ይዘው ተቀምጠዋል። ጓደኞቼን ወደ ሌሎች ክፍሎች ስለወሰዷቸው እዚያ ውስጥ የማውቀው ሰው አልነበረም። ካሜራ ቢኖረኝ ከየት አቅጣጫ እንደምቀርጸው ሳስብ ራሴን ያዝኩትና ተናደድኩ።

መርማሪው ጥርሱን ያመዋል መሰለኝ፣ ጉንጩን ይዞ ነበር የሚጠይቀኝ።

"ፊልም ለማየት መስኮት ይዘጋል?"

"ብርሃን ከገባ ምስሉ አይታይም ጌታዬ።"

"እኛም አየነው እኮ። አንዲት ሴትዮ ሻንጣ ይዛ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች። የሚጮህ የለ፣ የሚተኮስ የለ። ይህን ለማየት የሚሰበሰብ ጤነኛ ሰው አለ ብለህ ልታሳምነኝ ነው?"

እናቴም የምትለው ይህንኑ ነው። ፊልሙ አሰልቺ መሆኑ ራሱ ማስረጃ ሆነብን።

"ፍላሹ ውስጥ ሌላ ነገር አለ" አለኝ። "እስክናገኘው ድረስ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ማን አመጣው?"

"ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ነገር ነው፤ አላስታውስም።"

"ታስታውሳለህ" አለና ጉንጩን መልሶ ያዘ።

በደንብ አስታውሳለሁ። ያመጣችው አማኑኤል ከተማ የምትሠራ ነርስ ጓደኛችን ናት። ገና ጡት ያልጣለ ልጅ አዝላ በሚኒባስ መጣች፣ ፍላሹን እጄ ላይ አስቀመጠች፣ መንገዱ ሳይዘጋባት ተመለሰች። "እኔ አይቼዋለሁ። ምንም አልነግራችሁም፤ እዩትና አልቅሱ" ብላኝ ነው የሄደችው። ስሟን ብጠራ እሷንም ልጇንም እዚያ ብናኝ ውስጥ ያስገቧቸዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያስጨንቀኝ ይኸው ብቻ ነበር።

ስለ ፊልሙ ትንሽ ካልነገርኩ የኋላው አይገባም። ዳይሬክተሩ ሩቅ አገር ያለ ሰው ነው፤ ስሙን አስተካክለን መጥራት እንኳ ያቅተናል። በዓለም ላይ ጥቂት ወዳጆች አሉት ይባላል። ከጥቂቶቹ ውስጥ እኛን የማርቆሶቹን የቆጠረን ያለ አይመስለኝም። ፊልሞቹ ላይ ሙዚቃ የለም። ሰው ሲያለቅስ ጀርባውን ነው የሚያሳይህ። "አክብሮት ነው" ትላለች ነርሷ፤ "የሚያለቅስ ሰው ፊት ላይ ካሜራ የሚደቅን እንዳንተ ያለ የሠርግ ቀራጭ ነው" እያለች ታሾፍብኛለች። ሌላው ጓደኛችን ደግሞ "እንቅልፍ ነው እንጂ ምን አክብሮት አለው" ይላል፤ ግን አንዱም ፊልም አያመልጠውም።

ከሁሉም የምንወደው የባቡር ጣቢያ ጠባቂው ታሪክ ነው። ተማሪ ሳለን ከገበያው በላይ በነበረ ቪዲዮ ቤት ነው ያየነው። ባለቤቱ ፊልሙን በሁለት ሲዲ ይዞት ነበር፤ አንድና ሁለት ብሎ በማርከር ሲጽፍ ግን ተገላብጦበታል። ስለዚህ ማርቆስ ላይ ፊልሙ የሚጀምረው በቀብር ነው። አንዲት ሴት ትቀበራለች። ጠባቂው የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ ባቡር በሌለበት ሐዲድ ላይ ባንዲራ ያውለበልባል። ከዚያ ያቺው ሴትዮ ሻንጣዋን ይዛ ከች ትላለች! ባቡር በፎቶ እንጂ በዓይናችን አይተን የማናውቅ ልጆች ምን እንበል? ሴትየዋ ሙት ናት አልን። ሙት ሆና ባቡር ልትሳፈር የመጣች። ስንት ዓመት በዚህ ተከራከርን፤ ስንት ጥልቅ ሐሳብ አወጣንለት። ያን እሑድ በነርሷ ፍላሽ ስናየው ሴትየዋ በሕይወት ሳለች ከመጀመሪያው ብቅ ስትል ሁላችንም በአንድ ጊዜ ጮህን። ቀብሩ ጋ ሳንደርስ ነው ፖሊሶቹ የደረሱት።

የክፍላችን ታላቅ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ፤ የታሰሩት ሱቅ በመዝጋታቸው ነው። ሐጂ ነው የምንላቸው። አንዱ ወገን ክፈቱ አላቸው፣ ሌላው ወገን ዝጉ አላቸው፤ ዘጉና እኛ ዘንድ መጡ። ሕግ ያወጡልን እሳቸው ናቸው። ጉዳይህን ለማንም አታውራ፤ ከምሳ በኋላ ግን ተራህን ጠብቀህ አንድ ጨዋታ ታመጣለህ። የበሬ ግዢም ቢሆን፣ ተረትም ቢሆን ይሁን። ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ሐሳብ ይበላዋል ይላሉ።

በዚህ መሀል አንድ ሰው አስገቡልን። አርባ ዓመት ይሆነዋል፤ እርጋታ ያለው፣ ፊቱ ደስ የሚል። የቁይ ሰው ነኝ፣ ማርቆስ ነው የተማርኩት አለ። የጫማው ማሰሪያ አልተፈታም። የሁላችንንም ማሰሪያ ገና በር ላይ ነበር የወሰዱብን። ሐጂ ጫማውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ፣ ከዚያ መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ፤ እኔም ጀርባዬን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ።

ተራዬ ሲደርስ የጣቢያ ጠባቂውን ፊልም አወራሁ። እንዴት እንደማወራው አስቤበታለሁ። የድሮውን፣ የቪዲዮ ቤቱን፣ ከቀብሩ የሚጀምረውን ነው ያወራሁት።

"ተቀብራ ሲያበቃ ነው የመጣችው?" አሉ ሐጂ።

"አዎ ሐጂ።"

"ባቡሩስ መጣላት?"

"አልመጣም።"

"አንት ልጅ፣ ለዚህ ነው የታሰርኸው?"

"ለዚህ ነው።"

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ከታሰርኩ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። አዲሱ ሰውዬ ግን አልሳቀም፤ ራሱን ነቀነቀ።

"ተሳስተሃል ወንድሜ። ሴትየዋ ሙት አይደለችም። ቀብሩ መጨረሻ ላይ ነው።"

"የት አየኸው?"

"እዚሁ ነዋ፣ ተማሪ ሆኜ። ከገበያው በላይ አንድ ቪዲዮ ቤት አልነበረም?"

እዚያ ቪዲዮ ቤት ገብቶ ቀብሩን መጨረሻ ላይ ያየ ሰው የለም። አንድም የለም። ፊልሙን በትክክል ያየው ከነርሷ ፍላሽ ከሆነ ደግሞ፣ ፍላሹ ያለው መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ነው። ወይም ሌላ ከተማ አይቶት ይሆናል፤ ቪዲዮ ቤቱን ለወዳጅነት ሲል ጨምሮት ይሆናል። ሰው ለጨዋታ ሲል ይዋሻል፤ እኔም እዋሻለሁ። ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ ሳስብ ፊቴ እንዳይታወቅብኝ ጎንበስ ብዬ የሌለ የጫማ ማሰሪያ ፈለግሁ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ የውሃው ጀሪካን አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ።

"እኔ ዛሬ ሳልወጣ አልቀርም፤ ዋስ አግኝቻለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "ያንተንም ነገር ሰምቼዋለሁ። ፍላሹን ያመጣውን ሰው ፍለጋ ላይ ናቸው። ንገረኝና ላስጠንቅቀው፤ ሳይደርሱበት ዞር ይበል።"

እንዴት ያለ ፈተና ነው! እውነተኛ ሰው ከሆነ ነርሷን የሚያድናት እሱ ነው፤ ዛሬውኑ አማኑኤል ደርሶ በሯን ያንኳኳል። ካልሆነም ዛሬውኑ አማኑኤል ደርሶ በሯን ያንኳኳል። ዓይኑን አየሁት። ምንም አይናገርም፤ የደግ ሰው ዓይን ነው። ፈራሁት። የሚጮህብኝን መርማሪ እንኳ እንዲህ አልፈራሁትም።

"መጨረሻውን ንገረን" አልኩት።

"የምኑን?"

"የፊልሙን። እኔ አልጨረስኩትም፤ አቋርጠውኛል። ሐጂም ተሳስተው እንዳይቀሩ።"

ግራ ገባው። ሐጂ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡና "በል እንጂ፣ ንገረን" አሉት።

ነገረን። ጠባቂው ለሴትየዋ በየቀኑ "ባቡር የለም፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ" ይላታል። አንድ ቀን ትቀራለች። ቀብሯ ላይ የተገኘው ሰው ጥቂት ነው፤ ሻንጣዋን የሚወስድ ዘመድ ስለጠፋ ለጠባቂው ይሰጡታል። ጣቢያው ተመልሶ ሲከፍተው ባዶ ነው። ከዚያ የደንብ ልብሱን ይለብሳል፣ ባንዲራውን ያነሳል፣ የሌለውን ባቡር ያሳልፍላታል። "ጀርባውን ነው የምታየው" አለ ሰውዬው፤ "ፊቱን አያሳይህም። ትከሻው ብቻ…" ብሎ አቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

እኔ እንባዬ መጣ። ያን ፊልም ከልጅነቴ ጀምሮ ስወደው ኖሬ፣ ገና ያኔ ነው የገባኝ። ያስገባኝም ያ ሰውዬ ነው። ፊልሙን ወዶታል፤ ይህን ማስመሰል አይቻልም። ፖሊሶቹ ተመልከት ብለው አስቀምጠውት ወዶት ተነሳ ወይም ከድሮም ይወደው ነበር፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

"እንግዲህ" አለኝ ዝቅ ብሎ፣ "ለማን ላድርስልህ?"

"ለማንም። ፊልሙን ስለነገርከኝ እግዜር ይስጥልኝ። ሌላ የማውቀው የለም።"

ከምሳ በፊት ጠሩት። ሲወጣ ሐጂ እንደማንኛውም የሚወጣ ሰው መረቁት፤ እኔም ከሌሎቹ ጋር አሜን አልኩ። ከልቤ ነበር።

በነጋታው መርማሪው ዘንድ ስገባ ጉንጩ አብጧል።

"ትዝ አለህ?"

"አዎ። ፍላሹ የእኔ ነው። ፊልሙንም ያወረድኩት እኔ ነኝ፣ ኢንተርኔት ሳይዘጋ።"

ጉንጩን እንደያዘ ያልኩትን ወረቀት ላይ ጻፈ።

"ክረምቱን እዚሁ ነዋ የምትከርመው።"

"ይሁን። ጌታዬ፣ ፍላሹን ስትመልሱልኝ ፊልሙ እንዳይጠፋ አደራ።"

ክረምቱን እዚያው ከረምኩ። ስፈታ መስቀል አልፎ ነበር፤ ፍላሹን አልመለሱልኝም።

አሁን ሠርግ መቅረጼን ቀጥያለሁ። ብርድ ልብሱን ሚስቴ አልጋ ላይ አንጥፋዋለች፤ ከዚያ ወዲህ ተሰብስበን ፊልም አይተን አናውቅም። ነርሷ ባሏን ተከትላ ባሕር ዳር ገባች። አንድ ጊዜ በስልክ "ሰማሁ" አለችኝ። "ምኑን?" ስላት ልጇ መራመድ መጀመሩን ነገረችኝ። ስልክ ላይ ስለ ፊልም አናወራም። ማንም አታውሩ አላለንም።

በቅርቡ ያን መጨረሻውን የነገረኝን ሰውዬ መናኸሪያው በር ላይ አገኘሁት። ቀድሞ ያየኝ እሱ ነው፤ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም አለኝ። ቤተሰብ ጠየቀኝ፣ ስለ ሐጂ ጠየቀኝ። ከዚያ ፊቱ በራ።

"አዲሱን አየኸው?"

"የምኑን አዲስ?"

"የዳይሬክተራችንን ነዋ! ዘንድሮ የሠራውን። መጨረሻው ላይ ያ በር…" አለና አፉን ያዘ። "ካላየኸው አላበላሽብህም።"

ዙሪያውን አየሁ። ወያላው ይጣራል፣ ሰው ይጋፋል፤ የሚያየን ሰው የለም።

"እኔ ፊልም ማየት ትቻለሁ" አልኩት።

"ያሳዝናል" አለኝ፤ የእውነት ያዘነ መሰለኝ። ቦርሳውን አንስቶ ሚኒባሱ ውስጥ ገባ።

አዲሱን ፊልም ግን ከመገናኘታችን በፊት፣ በዚያው ሳምንት ብቻዬን ሁለት ጊዜ አይቼው ነበር። መጨረሻው አልገባኝም ነበር፤ የሚያስረዳኝ ሰው ስፈልግ ነበር የሰነበትኩት።