አትንቀሳቀስ ያልነው ሾፌር

ትእዛዙ አንድ መስመር ነበር፦ ሊማሊሞ እንዳይዘጋ። በድንበሩ ጦርነት ጊዜ ነው። ከደባርቅ ወደ ሰሜን በሚወርደው ጠመዝማዛ የጠጠር መንገድ ላይ አምስት ወታደሮችና አንድ መጎተቻ መኪና ተመደብን። ወደ ታች ስንቅና ጥይት ይወርዳል፤ ወደ ላይ ቁስለኛ ይወጣል። አንድ መኪና መታጠፊያ ላይ ከቀረ ሁለቱም ይቆማሉ።

ልጆቼ ስለ ጦር ሜዳ አውጋን ሲሉኝ የሚጠብቁት ሌላ ነው። እኔ በጠላት ላይ አንድ ጥይት አልተኮስሁም። የምሽጉን ነገር ምሽግ ውስጥ ያደሩት ይናገሩት። የእኛ ግንባር ዘይት፣ አቧራና እንቅልፍ ማጣት ነበር። ያላየሁትን አልጽፍም።

አለቃችን ሃምሳ አለቃ ወርቁ የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ነው። ዊንቹን የሚያዝዘው እሱ ነው። ዊንቹ በመኪናው አፍንጫ ላይ የተገጠመ፣ የብረት ገመድ የተጠቀለለበት ከበሮ ነው። ኃይሉን ከመኪናው ሞተር ያገኛል። ካምቢዮው ጎን ያለው ፒቲኦ የሚባለው ማርሽ ሲገባ ረጅም ሻፍት ይዞራል፤ ሻፍቱም ከበሮውን ያዞራል። በሁለቱ መካከል የጣት ያህል ፒን አለች። ከለስላሳ ብረት የተሠራችው ሆን ተብሎ ነው፤ ጭነት ሲበዛ ቀድማ እንድትሰበር። እኔ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ በደባርቅ ወፍጮ ቤት ሞተር ስፈታ ያደግሁ ስለሆንሁ፣ ከመኪናው ሥር መግባት የእኔ ድርሻ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ጉሙ ገና ሳይገለጥ ተጠራን። ዱቄትና ውሃ ጭኖ ሲወርድ የነበረ ከባድ መኪና መታጠፊያ ላይ የመንገዱ ጠርዝ ተንዶበታል። የፊት ጎማዎቹ ገደል ላይ ተንጠልጥለዋል። ሆዱ ጠርዙ ላይ ተኝቷል። የኋላ ጎማዎቹ መንገድ ላይ ቀርተው መንገዱን ዘግተውታል። ሾፌሩ መልካሙ ጋቢና ውስጥ ነበር። የዳባት ልጅ ነው፤ በየሳምንቱ ሲያልፍ ሲጋራ የሚጥልልን፣ እናውቀዋለን።

የጋቢናው በሮች ሁለቱም የሚከፈቱት ወደ ባዶ ነው። ከኋላው ጭነቱ እስከ ሸራው ተደርድሯል። ጭነቱን እንዳናወርድ ጭራው ከቀለለ ፊቱ ይሰምጣል። መልካሙ ከመቀመጫው ሊነሳ ሲል መኪናው አፍንጫውን ዝቅ አደረገ። ያን ጊዜ ሁላችንም በአንድ አፍ አትንቀሳቀስ ብለን ጮኽንበት። ከመታጠፊያው በታች የደረሰው ሻምበልም እጁን ዘርግቶ ያንኑ አዘዘው። መልካሙ እንደ ድንጋይ ሆነ።

ሻምበሉ ሁለት የቁስለኛ መኪና ይዞ ወደ ጎንደር የሚወጣ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ሰምተው ቃሬዛ ይዘው ወረዱ። ዳገቱን የሚችለውን ቁስለኛ በጠባቡ በኩል አሳልፈው፣ እየተፈራረቁ ተሸክመው ወደ ደባርቅ አወጡት። አራቱን ግን አብራቸው የመጣችው ነርስ አላስነካም አለች። ሆዳቸውን የተመቱ ናቸው፤ በዚያ አቀበት ሲናጡ ያልቃሉ። እነሱ መንገዱ እስኪከፈት መጠበቅ ነበረባቸው። እኛ የምንሠራው ይህን እያወቅን ነው።

መኪናችንን ከላይ በኩል አቆምን። ጎማውን በድንጋይ ደገፍን። ገመዱን ከተንጠለጠለው መኪና ጭራ አሰርን። ወርቁ ፒቲኦውን አስገባ። ገመዱ ተወጠረ። ወዲያው ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና ከበሮው ቆመ።

ወርቁ ብልሽት ሲፈልግ ከመሃል አይጀምርም። ሞተሩ ይሠራል። ማርሹ ገብቷል። ከሥር ገብቼ አየሁ፤ ሻፍቱ ይዞራል፣ ከበሮው አይዞርም። ፒኗ ተሰብራለች። አዲስ አስገባን። ጎተትን። እንደገና ተሰበረች። አንዲት ብቻ ቀረችን።

ሻምበሉ ወደ እኛ ተሻገረ። ከቁስለኛ መኪናው የተፈታ ወፍራም ቡሎን በእጁ ይዟል፤ የጎማ ቡሎን፣ ጠንካራ ብረት። በፒኗ ቦታ ይህን አስገቡና ጎትቱ አለ። ወርቁ ቡሎኑን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። መልሶ ሰጠው።

«ይህ አይሰበርም፣ ሻምበል» አለ።

«ለዚያ አይደለም እንዴ ያመጣሁት?»

«እሱ እምቢ ሲል ገመዱ ይበጠሳል። ገመዱ ሲበጠስ ልጁ ይሄዳል።»

«ከታች አራት ሰው እየሞተብኝ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ወርቁ። ሻምበሉን ክፉ ሰው እንዳታደርጉት፤ ዓይኑ ደም መስሏል፣ ስንት ሌሊት እንዳልተኛ እንጃ። እኔ በልቤ ከእሱ ጋር ነበርሁ። ወርቁ ቡሎኑን አስገብቶ ቢገላግለን እል ነበር። ድካም ሰውን እንዲህ ያደርጋል፤ ትክክለኛውን ሳይሆን የሚያልቀውን ያስመኛል።

ወርቁ የመጨረሻዋን ፒን ደረት ኪሱ ከተተና ዊንቹን ትቶ በገመዱ አቅጣጫ በእግሩ ሄደ። ገመዱ ቀጥ ብሏል። የመኪናውን ሆድ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ድንጋይ አልያዘውም። ከኋላ ጎማዎቹ ጋ ሲደርስ ተቀመጠ። ጠራኝ። ጎማዎቹ አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ መጥተዋል፤ ነገር ግን አልተንከባለሉም። ጠጠሩን እንደ ማረሻ አርሰውታል። ዊንቹ ጤነኛ ነበር። ስንጎትት የነበረው ፍሬን የያዘ መኪና ነው።

ወርቁ ወገቡን በገመድ አስሮ ጫፉንና ፒኗን ለእኔ ሰጠኝ። ጭራውን የዊንቹ ገመድ ይዞታልና በጭነቱ ላይ እየተሳበ ከጋቢናው ጣሪያ በላይ ደረሰ። የተነጋገሩትን ሁሉ እሰማ ነበር።

«መልካሙ፣ እግርህ የት ነው?»

«ፍሬኑ ላይ።»

«የእጅ ፍሬኑስ?»

«ስቤዋለሁ፣ አለቃ።»

«ሁለቱንም ልቀቅ።»

መልካሙ፣ «አትንቀሳቀስ አላችሁኝ እኮ» አለ። ድምፁ የሚያለቅስ አይደለም፤ የደረቀ ነው። እግሩን ፍሬን ላይ እንደ ጫነ ከረፋድ እስከ ቀትር መቆየቱ ያን ጊዜ ገባን። ማናችንም ያንን ትእዛዝ ተመልሰን አላነሳንለትም።

«ብለቀው ምን ይይዘኛል?»

«ገመዱ።»

«ፒኑ ሁለቴ ሲሰበር ሰምቻለሁ፣ አለቃ።»

«ሲሰበር ስንዝር ወረድህ?»

«አልወረድሁም።»

«ፒኗ ብትሄድ ከበሮው በጥርሱ ተቆልፎ ይቀራል። ሁለቴ ስትሰበር ከበሮው አልለቀቀህም። ይልቅ እናንተ ዳባቶች፣ የጨበጣችሁትን የማትለቁት ገብስ ገበያ ላይ ብቻ መስሎኝ ነበር።»

«እናንተ አምባ ጊዮርጊሶች ሚዛን ስለምትነኩብን ነው» አለ መልካሙ። ከላይ የቆሙት ገበሬዎች ሳቁ። ሳቁ ቶሎ ጠፋ።

ከዚያ መልካሙ፣ «ሻምበሉ ይንገሩኝ» አለ። ያዘዘው ሻምበሉ ነው፤ መልካሙም ወታደር ነው። ሻምበሉ ቡሎኑን መሬት ላይ አኖረና እስከ ጠርዙ ሄደ።

«እግርህን አንሳ፣ ልጄ። ትእዛዝ ነው።»

የወርቁን የወገብ ገመድ ለሌላ ወታደር ሰጥቼ የመጨረሻዋን ፒን አስገባሁ። የእጅ ፍሬኑ ሲወርድ ድምፁ ተሰማ። መኪናው በገመዱ ላይ ሲደገፍ አቃሰተ። ወርቁ ከጭነቱ ላይ ሳይወርድ በእጁ ምልክት ሰጠኝ፤ ዊንቹን እኔ ያዝሁ። ጎማዎቹ ተንከባለሉ። ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ መጣ። ፒኗ አልተሰበረችም።

መልካሙን ከጋቢናው ስናወርደው ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አለው። ጉልበቱ ተቆልፎ እንደ ነበረ ቀረ። መንገድ ዳር አስቀምጠን አሸነው።

መንገዱ ሲከፈት ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። የቁስለኛ መኪናዎቹ አጠገባችን ሲደርሱ ነርሷ ወረደችና ለሻምበሉ ነገረችው። ከአራቱ ሁለቱ አርፈዋል። አንደኛው የመካነ ብርሃን ልጅ ነው አለች፤ የሌላኛውን አገር አታውቅም። ሻምበሉ ወርቁን ጠየቀው። ቁጣ አልነበረበትም።

«ቡሎኑን አስገብተን ቢሆን ይተርፉ ነበር?»

«አላውቅም፣ ሻምበል» አለ ወርቁ። «መልካሙ ግን አይተርፍም ነበር።»

ሁለቱን ደባርቅ ቀበርናቸው። መልካሙ ትንሽ ቀን አርፎ መሪውን ያዘ፤ ያንን መንገድ ለሳምንታት ተመላለሰበት። አንድ ጊዜ ወርዶ አልተመለሰም። መኪናው ከታች በመድፍ መመታቱን የነገረን ሌላ ሾፌር ነው። ሞቱ በሌላ ክፍል መዝገብ የተጻፈ ቢሆንም፣ እኔ የዚያን መታጠፊያ ሙታን ስቆጥር ሦስት እላለሁ።

ታዲያ ምን አተረፋችሁ ትሉኝ ይሆናል።  የማውቀው አንድ ነገር ነው። ሰውን አትንቀሳቀስ ያለ ሰው ተመልሶ ተንቀሳቀስ የማለት ዕዳ አለበት። ጮኾ ያዘዘ ብዙ ነው፤ ጠርዙ ድረስ ሄዶ ትእዛዙን የሚያነሳ ጥቂት ነው። እኔም አባት ሆኜ አዝዣለሁ። ልጆቼ፣ ያላነሳሁላችሁ ትእዛዝ ካለ ጠይቁኝ።

አሁን በዚያ በኩል በሚኒባስ ሳልፍ ሰዉ ያንቀላፋል። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ቀኝ እግሬ ወለሉን ይረግጣል። ካለፍን በኋላም አይለቅም። በእጄ አነሳዋለሁ።