የጌንቾ ጭንቅላትና የዝላትካ መልስ

ስታሜን የመኪናውን የኋላ መቀመጫ ነቅሎ ግቢው ሣር ላይ አስቀመጠው። ጥድፊያው ከፍርሃት ነው። ሚስቱ ዝላትካ ነገ ጠዋት ቭራጻ ከተማ ሆስፒታል የኩላሊት እጥበት አላት። መኪናዋ ደግሞ ትናንት ከዚያው ሲመለሱ መንደሩ መግቢያ ላይ ተንገጫግጫ ቀጥ አለች፤ ግቢው የደረሰችው ተገፍታ ነው። ቁልፉን ሲያዞረው ከኋላ መቀመጫው ሥር ትሰማ የነበረችው እዝዝታ ጠፍታለች። የቤንዚን ፓምፑ ሞቷል ማለት ነው። የሚገኘው ደግሞ ታንኩ ውስጥ፣ ቤንዚን ውስጥ ተነክሮ ነው።

ከተማ ያለው መካኒክ «በሚቀጥለው ሳምንት አምጣት» አለው። «በምን ላምጣት? አዝዬ?» ብሎ ስልኩን ዘጋበት። አዲሱን ፓምፕ ፖስተኛው ከከተማ ገዝቶ አመጣለት፤ መግጠሙ የራሱ ጣጣ ሆነ።

ጭንቀቱ የፓምፑ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! መኪናዋ ስትቆም ዝላትካ እፎይ ስትል አይቷታል። ሁልጊዜ ከእጥበት ስትመለስ እንደምታደርገው የኋላ መቀመጫው ላይ ተጋድማ ነበር። «መኪናዋም ደከማት፣ እኔም ደክሞኛል። ይብቃን ስታሜን» አለችው። ጎረቤት ለምኜ ላስወስድሽ ቢላት፣ «በሰው መኪና አልሄድም። ሰው የሚሸከመኝ አንዴ ብቻ ነው፣ ያንንም እስክሞት ይጠብቁ» አለች። ይህች ሴት አንዴ እምቢ ካለች ካህኑም አይመልሳትም።

በዚያ ላይ ወሩ መስከረም ነው። ከየግቢው የቃሪያ ጥብስ ጭስ ይወጣል። ከመንደሩ ሴቶች ሁሉ ቀድማ ቃሪያ ጠብሳ ለበረዶው ወራት በጠርሙስ የምታሽገው ዝላትካ ዘንድሮ መጥበሻዋን ከጎተራ አላወጣችም። ስታሜን ላውጣልሽ ወይ ሲላት «ማን ሊበላው?» አለችው። ያቺን ቃል ከሰማ ወዲህ እህል አልወረደለትም።

እንዲያግዘው ጎረቤቱን ጌንቾን ጠራ። ጌንቾ ልቡ ወርቅ ነው፤ ጭንቅላቱ ግን ጀርመን አገር ቀርቷል። እኛ አገር «አዎ» የሚል ሰው ራሱን ግራና ቀኝ ይወዘውዛል፤ «አይ» የሚል ደግሞ ላይና ታች ይነቀንቃል። ከእናታችን ጡት ጋር የጠባነው ነው። ይኼ ሰውዬ ግን ጀርመን አገር የውሃ ቧንቧ ሲዘረጋ ኖሮ ኖሮ ተገልብጦ መጣ። ባለፈው ሰርግ ላይ አሳላፊዋ አረቄውን ይዛ «ራኪያ ልጨምርልህ?» ትለዋለች፣ «በቃኝ» ለማለት ራሱን ይወዘውዛል፣ እሷ ትሞላለች። ያን ለት ተሸክመን ነው ቤቱ ያስገባነው። ስታሜን ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ግን የጨነቀው ሰው ምን ያስታውሳል?

«ኮፈኑን ክፈትና ባትሪውን ፍታ» አለው ስታሜን። «እዚህ ኋላ ክዳኑን ስከፍት ቤንዚን ይተናል። አንዲት ብልጭታ ካለች ሁላችንም አመድ ነን።»

«እሺ ጋሼ።»

ስታሜን መኪናው ውስጥ ተንበርክኮ ከመቀመጫው ሥር ያለውን ክዳን በካቻቢቴ ፈታ። ቱቦዎቹን አላቀቀ። ታንኩ ላይ ያለውን ትልቅ ቀለበት ብልጭታ እንዳያመጣ በእንጨት እየመታ ቀስ በቀስ አዞረው። ሽታው ጭንቅላቱን ያዘው፤ ዓይኑ አነባ። የቀረው የኤሌክትሪኩን ሽቦ መንቀል ነው። እጁን ሽቦው ላይ እንዳደረገ ቀና አለ።

«ጌንቾ፣ ባትሪውን ፈታኸው?»

ጌንቾ ከዛገው ዳዶ ጋር እየታገለ ነበር። አንገቱን ከኮፈኑ ጎን ብቅ አድርጎ ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ።

«ተባረክ» አለ ስታሜን፤ ሽቦውንም ጨበጠ።

«ስታሜን» አለች ዝላትካ በረንዳው ላይ ካለው ወንበሯ። ድምጿ ቀጭን ነበር። «ባትሪው ከተፈታ የመኪናው መብራት ለምን ይበራል?»

ቀና ቢል፣ በሩ ክፍት ስለሆነ ጣሪያው ላይ ያለችው ትንሽ አምፖል በርታለች። ጣቶቹን ከሽቦው ላይ አንድ በአንድ አነሳ። ወጥቶ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ።

«አንተ ሰው» አለው ጌንቾን፣ «አዎ አላልከኝም?»

«ኧረ አልተፈታም ነው ያልኩህ!» አለ ጌንቾ፣ መፍቻውን እንደያዘ።

«በየትኛው ጭንቅላትህ? ከዛሬ ጀምሮ አፍህን ክፈት፤ ጭንቅላትህን ለጀርመኖች ተውላቸው።»

ዝላትካ ከበረንዳው ወርዳ አጠገቡ ደርሳ ነበር። ከአልጋ ወደ ወንበር ለመሄድ የምትቸገር ሴት እንዴት ደረጃውን እንደወረደች እሷም አላወቀችም። የስታሜንን ትከሻ ጨምድዳ ያዘች።

«ብትነድድስ? ብትነድድስ እኔ ምን እሆን ነበር?» አለችው።

ስታሜን አያት። የሆዱን አውጥቶ ተናገረ፦ «ትናንት ይብቃን ስትዪኝ እኔ ምን እንደሆንኩ አሁን ገባሽ?»

ጌንቾ አንገቱን ደፍቶ ወደ ዳዶው ተመለሰ፤ ሲፈታውም «ተፈታ! በአፌ ነው ያልኩት!» አለ። ስታሜን አምፖሏ መጥፋቷን በዓይኑ አይቶ ገባ። የሞተውን ፓምፕ ቤንዚኑን እያንጠባጠበ አወጣ፣ አዲሱን በቦታው አስገባ፣ ያበጠውን የጎማ ቀለበት ጥሎ በአዲስ ተካ፣ ቱቦዎቹን በፋሼታ ማሰሪያ አጠበቀ። በሮቹን ሁሉ ከፍተው ሽታው እስኪወጣ ጠበቁ። ከዚያ ባትሪውን መልሰው አሰሩ።

ስታሜን ቁልፉን ግማሽ ብቻ አዞረ። ከኋላ እዝዝ አለ። ወርዶ ቱቦዎቹን ዳሰሰ፤ ደረቅ ናቸው። ተመልሶ ሙሉ በሙሉ አዞረው። ሞተሩ አንዴ አስሎ ተነሳ።

መሪውን ሳይለቅ በመስኮት ወደ ሚስቱ ዞረ። ሞተሩስ ተነሳ፤ አሁን የሚያስፈራው የሷ መልስ ነው።

«ነገ እንሄዳለን?» አላት።

ዝላትካ ከጎረቤት ግቢ የሚወጣውን የቃሪያ ጭስ ስታይ ቆየች። ከዚያ ራሷን ቀስ ብላ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ወዘወዘች።

ስታሜን ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ አለቀሰ።

ጌንቾ ምስኪን ጠጋ ብሎ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። «ተዋት ጋሼ፣ አታስገድዳት። እስከ ጠዋት ሐሳቧን ትቀይር ይሆናል» አለው በሹክሹክታ።

ስታሜን እንባውን ቤንዚን በነካው እጁ ጠርጎ ቀና አለ።

«አንተ የተገለበጥክ» አለው፣ «ሂድና ያንን መቀመጫ አምጣልኝ። ነገ ስትመለስ የምትተኛበት ነው።»