ፋና ያስተማረቻት ካሜራ

እኔ ይሳቅ፣ ዕድሜዬን በድሬዳዋ ምድር ባቡር ጋራዥ የጨረስኩ ሰው፣ ልጄን በሰው ፊት አላሞግስም ብዬ ነበር። አቃተኝ። ፋና በአንድ ልብስ ፋብሪካ የጨርቅ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት፤ እድፍና የተበጠሰ ክር ፈልጋ ታወጣለች።

አምና ፋብሪካው ጨርቅ የምትመረምር ካሜራ አስመጣ። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት አላት» ሲባል ከፋና ጋር የሚሠሩት ሴቶች እንጀራችን ሊነጠቅ ነው ብለው ተደናገጡ። ሥራ አስኪያጁ ፋናን እንድታስረዳቸው አዘዛት። እሷም አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በሶማሊኛ፣ «በራሷ የምታውቀው ነገር የለም። ፎቶ እያሳየን፣ ይሄ ደህና ነው፣ ይሄ ብልሽት ነው እያልን የምናስተምራት እኛ ነን። አስተማሪ ደግሞ አይባረርም» አለቻቸው። ካሜራዋን ማስተማሩም ለፋና ተሰጠ።

ካሜራዋ ጠዋት ጠዋት ጎበዝ ሆነች። ከቀትር በኋላ ግን ደህናውን ጨርቅ ሁሉ እድፍ አለው እያለች ትጥል ጀመር። ሥራ አስኪያጁ ተናደደ፤ በሳምንት ውስጥ ካልተስተካከለች ሥራው ለውጭ ባለሙያ ይሰጣል፣ ተቆጣጣሪዎችም ይቀነሳሉ አለ። ፋና ቤት መጥታ እራት አልበላም አለች። «አትባረሩም ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ውሸታም ልሆን ነው» ብላ አለቀሰች።

ጥፋቱን ያገኘችው ራሷ ናት። ድሬ ላይ ቁም ነገር የሚሠራው ሙቀቱ ሳይበረታ ነውና ፎቶውን ሁሉ ያነሳችው በጠዋት ነበር። ከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ነጩን ጨርቅ ቢጫ ስታስመስለው ካሜራዋ አይታ አታውቅም። ይህንኑ ሳትደብቅ ለሴቶቹ ነገረቻቸው።

ጓደኛዋ ፈርዶውሳ ሳቀች። «አቦ ፋና፣ ወላሂ እሷም የድሬ ልጅ ሆናለች። ከቀትር በኋላ ማን ይሠራል?» አለቻት። ቀልዳ ግን አልቀረችም፤ ሁሉም የቀትር ዕረፍታቸውን ትተው በዚያ ወበቅ ጨርቅ እየዘረጉ ፎቶ አስነሱ። ሳምንቱ ሳያልቅ ካሜራዋ ቀኑን ሙሉ በትክክል ማየት ጀመረች። አንዲት ሴት አልተቀነሰችም።

ትናንት ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ጎረቤቴ ኑርቶ፣ «ጋሽ ይሳቅ፣ ይሄ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ምንድን ነው?» አለኝ።

እግሬን አነባበርኩ። «ሰው ያስተማረው ማሽን ነው» አልኩት።

«የትኛው ሰው?»

«ልጄን አታውቃትም እንዴ?»