ተረኛው ኦዲተር

ከተማው ውስጥ ሴቻ ሰፈር ያለው ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ቀን ኃላፊው አንድ ደብተር አስረከበኝ። ሥራዬ ለአካባቢ ጥበቃ ፕሮጀክቶች የጥራት ኦዲተር እየመደብኩ መስክ መላክ ነበር። የማን ሙያ ምን እንደሆነ ተጽፎ ይሆናል ብዬ ገለጥኩት። የተራ ዝርዝር ብቻ ነው።

«እህቴ፣ ሙያ እያልሽ አትድከሚ» አለኝ። «መስክ አበል አለው፣ ሁሉም ልጅ ያሳድጋል። ተራ ጠብቂ።»

ጉድ እኮ ነው! ገንዘብ ያዡ ችግኝ መጽደቁን ሊያረጋግጥ ይወጣል። ጸሐፊዋ እርከን ትለካለች። አንዱማ ከመኪና ሳይወርድ በመስኮት አይቶ ይመለስ ነበር፤ ሪፖርቱ ግን ከሁሉም ያማረ ነው። «ጥራቱን የጠበቀ» ብሎ ለመጻፍ ማንም ሥልጠና አላስፈለገውም።

ገረሴ አካባቢ አንድ ቦረቦር ላይ የጋቢዮን ክትር ተሠራ፤ በሽቦ ቅርጫት ድንጋይ ታጭቆ ጎርፍ የሚገታበት ማለት ነው። ከበታቹ የአቶ ዋዳ እንሰት አለ። ቤተሰቡ የሚበላው ከዚያ ነው።

ጋቢዮን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረን፣ ጴጥሮስ የሚባል። ዕድሜውን የፈጀው ሽቦ ሲያስር ነው። «እሱ ይሂድ» አልኩት ኃላፊውን።

«ባለፈው ወር ወጥቷል። ሌላው ጦሙን ይደር?»

ተረኛው የንብረት ክፍሉ ተስፋዬ ነበር። ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሄዶ ርዝመትና ቁመት ለካ፣ ፎቶ አነሳ፣ ፈረመ። መሠረቱ ተቆፍሮ እንደሆነ አላየም፤ መታየት እንዳለበትም አያውቅም።

ሳይቆይ አቶ ዋዳ ራሳቸው ሴቻ ድረስ ወረዱ። «ልጄ፣ ክትሩ መሬት አልነከሰም፤ እላዩ ላይ ነው ያስቀመጡት። አንድ የሚያውቅ ሰው ላኩልኝ።»

«አባባ፣ ኦዲት ተደርጓል እኮ» ብዬ ፎቶውን አሳየኋቸው። የቢሮው በሽታ እኔም ላይ ተጋብቶ ነበር። ፎቶውን መልሰውልኝ ሄዱ።

በበልጉ ዝናብ ጎርፉ ከሥር ቦርቡሮ ክትሩን ገለበጠው፤ እንሰቱን ጠርጎ ወሰደው። እንሰት እንደ ጎመን በወር አይደርስም፣ ዓመታት ይጠበቃል።

አቶ ዋዳን ይቅርታ ልጠይቅ ወደ ገረሴ ወጣሁ። አፍሬ መሬት መሬት አያለሁ።

«የለካው ልጅ ክፉ አይደለም» አሉኝ። «ሥራውን ግን አያውቅም። አንቺ እንደማያውቅ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»



ተራ ለወፍጮ ቤት ነው። ለኦዲት ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይላካል። ኦዲተር የምትመድቡ ሁሉ፣ አለቃችሁ እምቢ ካለ የተረኛውን ስም እሱ ራሱ ይጻፍ፤ እናንተ አትጻፉ።