ስሟን ማንም ያልጠየቃት

ልጅ እያለሁ ደብረ ታቦር ውስጥ ቪዲዮ ቤት የወንዶች ነበር። ሴት ልጅ እዚያ ከታየች ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ይገባል። እኔ ግን አንድ ቀን ገብቻለሁ፤ ያውም በቀን በብርሃን፣ ያውም በአክስቴ እጅ ተይዤ።

አክስቴ ስመኝ የእናቴ ታናሽ ናት። ያን ክረምት ከቤሩት ለእረፍት መጥታ እኛ ቤት ነበር ያረፈችው። ስትሄድ ስቃ የማትጠግብ ልጅ ነበረች አሉ፤ ስትመለስ ግን ካልጠየቋት የማትናገር ሴት ሆና መጣች። የሚጠይቃት ደግሞ የለም። ወሬው ሁሉ ስለሚቀጥለው ጉዞዋ ነው። ለሥራ የሚልካት ደላላ በየቀኑ ይደውላል። እናቴም ግድግዳው ቆሞ ቆርቆሮ የቀረውን አዲሱን ቤታችንን እያየች «ትንሽ ብቻ ብትችይው እኮ» ትላታለች። አክስቴ ሰኞ ለደላላው እሄዳለሁ ወይም አልሄድም ማለት ነበረባት፤ ይህን እኔ እንኳን አውቅ ነበር።

ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ በረዶ ያዘን። የደብረ ታቦርን በረዶ መቼም የቀመሰው ያውቀዋል፤ ጭንቅላት አይመርጥም። ሮጠን የተጠለልነው የጋሼ ዘላለም ቪዲዮ ቤት በረንዳ ላይ ነበር። ጋሼ ዘላለም ጥቁሩን መጋረጃ ገለጥ አድርጎ «ከምትረጥቡ ግቡ እንጂ!» አለን። አክስቴ እንቢ ትላለች ብዬ ስጠብቅ የሁለታችንን ከፍላ ጎንበስ ብላ ገባች።

ውስጡ የረጠበ ጋቢና የሽምብራ ቆሎ ይሸታል። የባሕር ዛፉ አግዳሚ ላይ የተደረደሩት ወንዶች ዞረው አፈጠጡብን፤ አክስቴ መልሳ ስታፈጥጥባቸው ዞሩ። ጋሼ ዘላለም ዴኩ ውስጥ የከተተው ሲዲ ከሌሎች ፊልሞች ጋር ተቀላቅሎ የመጣለት ነው። ሽፋኑ ላይ ከዋክብት ስላሉ ጦርነት ያለበት መስሎታል። ምን ጦርነት አለው! ከሌላ ዓለም የመጣች ፍጡር የሴት መልክ ይዛ ሰው መሃል ትኖራለች፣ በቃ። ሳህን ታጥባለች፣ መስኮት ትወለውላለች፣ ሌሎቹ ሲስቁ ዘግይታ ትስቃለች። አንድም ቃል አይወጣትም። ካሜራው ደግሞ ፊቷ ላይ አንዴ ካረፈ አይነሳም።

«አክተሩ የታለ?» አለ አንዱ። «ፋይት የለውም እንዴ? ቀይር ጋሼ!» ከዚያማ ቤቱ በሙሉ «ቀይር! ቀይር!» ሆነ። በዚያ ቤት ሕግ ብዙ ሰው ቀይር ካለ ይቀየራል። ጋሼ ዘላለም ወደ ዴኩ ሲያመራ አክስቴ ብድግ አለች።

«አይቀየርም! እኛም ከፍለን ነው የገባነው። መጨረሻውን ሳላይ አልወጣም።»

ኧረ ጉድ! ከመጣች ወዲህ ያን ያህል ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። እኔ በእፍረት አንገቴን ቀበርኩ፤ ጩኸቱ ግን ወደ ማጉረምረም ወረደ።

ወዲያው መብራት ጠፋ። በረዶውም አባርቶ ስለነበር ሁሉም «ተገላገልን!» እያሉ ወጡ። «እንሂድ አክስቴ፣ እማዬ ትቆጣናለች» አልኩ። «እስኪመጣ እንጠብቃለን» አለች። ባዶው አግዳሚ ላይ ሁለታችን ቀረን። የበረደ እግሬን በነጠላዋ ጠቀለለችልኝ። እኔ ዝም ማለት መቼ ይሆንልኛል!

«ያቺ ሴትዮ ስሟ ማነው?»

«ማንም አልጠየቃት» አለች። «እኔንም አልጠየቁኝ። ቤሩት ለሥራ በገባሁበት ቀን ማዳም ‹አንቺ ሊና ነሽ› አለችኝ፤ ሊና ሆኜ ቀረሁ። እዚያ ቤት ስመኝ የሚባል ሰው ኖሮ አያውቅም።»

መብራት ሲመጣ ጋሼ ዘላለም ለሁለት ሰው ብቻ ነው ብሎ ሳያኮርፍ ከቆመበት አስጀመረልን። መጨረሻው ላይ አንዲት አሮጊት የፍጡሯን እጅ ይዛ የሆነ ነገር ትጠይቃታለች። ያን ጊዜ ፍጡሯ አፏን ከፈተች። በራሷ ቋንቋ ብዙ ተናገረች። አሮጊቷ አንድም ቃል አልገባትም፤ እስክትጨርስ ግን እጇን አልለቀቀችም። አለቀ። «ይኸው ነው?» ብዬ ተናደድኩ። ቀና ስል አክስቴ ታለቅሳለች። እንባዋን ጠርጋ ተነሳች፤ መንገዱን ሁሉ ቀድማኝ ሄደች።

እናቴ ቁጣዋን አዘጋጅታ በር ላይ ጠበቀችን። አክስቴ አላስጀመረቻትም።

«እታለም፣ ተቀመጪ። አልሄድም። ለምን እንደማልሄድ ልንገርሽ፤ እስክጨርስ አታቋርጪኝ።»

እናቴ ቆርቆሮ የሌለውን ቤት አየችው። ከዚያ ተቀመጠች። እኔን ወደ ጓዳ አባረሩኝ፤ ከዚያ የሰማሁት የእናቴን ለቅሶ ነው። ሰኞ ስልኩን ያነሳችው እናቴ ራሷ ነበረች። ደላላው «ማዳሟ ‹ሊና መቼ ትመጣለች?› እያለች ነው» ሲላት፣ «ሊና የሚባል ሰው እኛ ቤት የለም!» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ቤታችን ቆርቆሮ ለመልበስ ብዙ ክረምት ጠብቋል፤ እሱም አለፈ። ቪዲዮ ቤቱ ዛሬ የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጥበታል። ልጄ ፊልም የምታየው በስልኳ ነው፤ ሰው ዝም ያለበት ቦታ ሲደርስ በጣቷ ታሳልፈዋለች። እቆጣታለሁ፣ አይገባትም። እውነቴን ነው፣ ያ ጨለማ ቤት ይናፍቀኛል።

አክስቴ አሁን መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት አላት። ባለፈው ሳምንት እዚያ ቁጭ ብዬ ሳለ ከእብናት የመጣች አንዲት ልጅ ሥራ ልትጠይቅ ገባች። አክስቴ ስሟን ስትጠይቃት ልጅቷ አቀርቅራ «እንደፈለጉ ይጥሩኝ» አለች። አክስቴ ጭልፋውን አስቀምጣ እጇን ያዘቻት።

«እናትሽ ማን ብላ ነው የምትጠራሽ?»

ከኋላ ደንበኛ «ሒሳብ!» እያለ ያጨበጭባል። አክስቴ ዞር አላለችም። ልጅቷ እስክትመልስላት ድረስ እጇን ይዛ ቆመች።