እማዬና አልነሳ ያለው የጌም ቦርድ

የሚቀልጥ የብየዳ ስታኞ በሸተተኝ ቁጥር ለንደን ውስጥ አርችዌይ የነበረው ጠባቡ ፍላት ቤታችን ይመጣብኛል፤ እማዬ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ በጋለ መበየጃ ሽቦ ስታያይዝ፣ አባዬም መስኮቱን በርግዶ «በጭስ ልትፈጂን ነው!» እያለ ሲነጫነጭ ይታየኛል።

እማዬ አዲስ አበባ ሳለች የስልክ መሣሪያ ጠጋኝ ነበረች፤ ለንደን ያገኘችው ሥራ ግን ጽዳት ነበርና፣ ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ሰቨን ሲስተርስ አካባቢ ያለ አንድ ሱቅ ትወለውል ነበር። ሱቁ ሳንቲም እየጎረሱ የሚያጫውቱ፣ ቁም ሣጥን የሚያካክሉ አሮጌ የጌም ማሽኖች ይጠግን ነበር። ዛፎቹ ቅጠላቸውን ሲያራግፉ፣ ባለቤቱ ከአንዱ ማሽን የወጣ ቦርድ፣ ቺፖችና ሽቦዎች የተሰኩበት ሰሌዳ፣ ተስፋ ቆርጦበት ሊጥለው ሲል «እኔ ልሞክረው» አለችው። ሰውየው መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ ግን «ካስነሳሽው መወልወያውን ትተሽ ከጠጋኞቹ ጋር ትቀመጫለሽ» ብሎ ከመሞከሪያ ቴሌቪዥን ጋር ሰጣት።

ብርዱ እስኪጸና ድረስ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ቦርዱ ላይ ትደፋ ነበር። ስናበራው ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው ዝብርቅርቅ ያለ ቀለም ብቻ ነበር። እያንዳንዷን መስመር በመለኪያ ቼክ ስታደርግ ከርማ፣ ያረጀው ባትሪ ያፈሰሰው ፈሳሽ አንዲት ቀጭን የመዳብ መስመር በልቷት አገኘች፤ ስፍራውን አጽድታ በሽቦ ቀጠለቻት። ለዚህ ስትል ጌሙ የተጫነባቸውን አራት ቺፖች ነቅላ ጠረጴዛው ላይ በተርታ ደርድራቸው ነበር። ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት ድሮ ስለረገፈ፣ የሚለዩት በተርታቸው ብቻ ነበር።

የካቲት ላይ ሰውየው «ካላስነሳሽው ሰኞ ሌላ ጠጋኝ ልቀጥር ነው» አላት። ቅዳሜ ደግሞ የንስሐ አባታችን ቤቱን ጸበል ሊረጩ መጡ። እማዬ ቺፖቹን ገና መልሳ ሳትሰካ ወተት ልትገዛ ወርዳ ነበር፤ አባዬም፣ ምስኪን፣ ጸበሉ እንዳይነካቸው ብሎ አራቱንም ቺፖች ጠራርጎ ስኳር ዕቃ ውስጥ ከተታቸው።

ተመልሳ ስታይ «ምን ጉድ ሠራኸኝ አንተ ሰውዬ!» ብላ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች።

አባ ደንግጠው «ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ቢሏት፣ «ኧረ አባ፣ እርስዎ ምን አጠፉ» አለች፤ እንባዋ ግን ዱብ ዱብ ይል ነበር። እኔም አለቀስኩ። ቦርዱ ገደል ይግባ፤ አንጀቴን የበላችው እሷ ነበረች።

አባ መርቀውን ሲሄዱ ፊቷን ታጥባ መጣችና «አራት ቺፕ የሚደረደረው በሃያ አራት መንገድ ነው፤ ሁሉንም እንሞክራለን» አለች። እኔ በጥፍር ቀለም ከአንድ እስከ አራት ነጠብጣብ አደረግሁባቸው፤ ሃያ አራቱንም ተራ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። አባዬ ከደብተሬ ተራውን እየጠራ፣ እማዬ ቦርዱን እያጠፋች፣ ቺፖቹን እየለዋወጠች፣ መልሳ እያበራች ቀጠልን። ዝብርቅርቅ። አሁንም ዝብርቅርቅ። አባዬ በጸጸት ድምፁ እየሰለለ «አሥራ ዘጠኝ» ሲል፣ ቴሌቪዥኑ ድርግም ብሎ ጠፋና ሙዚቃ ለቀቀ፤ አንዲት አረንጓዴ የጠፈር መንኮራኩርም ከታች ብቅ አለች!

እማዬ እልልታዋን ስታቀልጠው የታችኛው ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበ። አባዬ «እሰይ! እሰይ የኔ አንበሳ!» እያለ እስክስታ ወረደ፤ እኔም ሶፋው ላይ ዘለልኩ፤ ጎረቤቱም ደበደበ፣ እኛም አልተውንም።

ሰኞ ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ተከትያት ሄድኩ። ሰውየው ቦርዱን ሰክቶ ተጫወተ፣ ተሸነፈ፣ ደግሞ ተጫወተ። ከዚያ ከጠጋኞቹ መካከል ወንበር ስቦ አስቀመጣት። እማዬ ቀና ብላ ስትቀመጥ በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ።

እሷ እዚያ ወንበር ላይ ብዙ ዓመት ሠርታ አሁን ጡረታ ወጥታለች። እኔ ዛሬ የምሠራበት ቢሮ ጠዋት ስገባ የሚያጸዱትን ሴቶች አገኛቸዋለሁ፤ ሰላም ብዬም «አገርሽ ምን ትሠሪ ነበር?» እላቸዋለሁ። አንዷ አዋላጅ፣ አንዷ የሒሳብ አስተማሪ ነበረች። እማዬን ግን ያኔ ማንም አልጠየቃትም፤ ራሷ ነበረች «እኔ ልሞክረው» ያለችው።