የቢምረው ታንኳና የፈረንጁ ሳንቃ

ቢምረው አልሞተም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ታሪኩን በወሬ የሰማ ሁሉ «ነፍስ ይማር» እያለ ስለሚያናድደኝ ነው። ከይጁቤ ቁልቁል ሲወርዱ ዓባይ ዳር ባለችው መንደሩ ዛሬም አለ፤ ይበላል፣ ያርሳል፣ ሰው ሲሞት ይቀብራል። ሞቶ ቢሆን ይሻለው ነበር ብዬ የማስብበት ቀን ግን ብዙ ነው። እንዲህ ማለት ኃጢአት ነው ይሉኛል፤ ይሁን።

እኔ አወቀ እባላለሁ፣ የይጁቤ ነጋዴ ነኝ። ጨውና ሳሙና በበቅሎ ጭኜ ቆላ እወርዳለሁ፣ ዓባይን ተሻግሬ ማዶ ገበያ እሸጣለሁ፣ ቡና ይዤ እመለሳለሁ። በቅሎዬ ዋና ትችላለች፤ እኔ አልችልም። ስለዚህ ያን ሁሉ ዘመን ዓባይን የተሻገርኩት በራሴ ሳይሆን በቢምረው ጉልበት ነው።

አሻጋሪነት የዘር ሥራቸው ነው። አባቱም አያቱም በዚያው መልካ ሰው ሲያሻግሩ ነው ያረጁት። ታንኳው ቀርከሃ ጎን ለጎን ተጠፍሮ፣ ከሥሩ የተነፋ የፍየል ስልቻ የታሰረበት ነው። ሰፊና ከባድ ስለሆነ ሦስት ሰውና አንድ በግ ቢጫንበት አይነቃነቅም። ቢምረው ከኋላ ቆሞ ይቀዝፋል። ተቀምጦ የሚቀዝፍ አሻጋሪ የሚመጣበትን ውሃ አያይም ይል ነበር።

ከአባቱ ሁለት ሕግ ወርሷል። የመጀመሪያው፣ ከቀትር በኋላ ዓባይ አይገባም የሚል ነው። በበጋ ጧት ጧት ያ መልካ የተኛ ውሃ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ግን ነፋስ በሸለቆው ከታች ወደ ላይ ይነሳና ከወራጁ ውሃ ጋር ይታገላል፣ ማዕበሉም ይነሳል። ሁለተኛው ሕግ፣ ተሻጋሪ ይታሰራል፣ አሻጋሪ አይታሰርም ይላል። አንድ ጫፉ ከታንኳው የተቋጠረ ጠፍር አለ፤ ሌላውን ጫፍ ተሻጋሪው ወገብ ላይ አጥብቆ ያስረዋል። ተሻጋሪ አደራ ነዋ! ውሃ ቢወስደው እንኳ ሬሳው ለዘመዱ መመለስ አለበት። እኔን ያላሰረበት ቀን የለም። ሆዴ እየገፋ ሲሄድ «አወቀ፣ ለአንተማ የሁለት በሬ ቆዳ ያስፈልጋል» እያለ ያሾፍብኝ ነበር እንጂ ማሰሩን አልተወም።

ፈረንጆቹ የመጡት በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ወጥቶ ዓባይ መጉደል ሲጀምር ነው። በጎማ ጀልባ ከላይ እየተንሳፈፉ ሲወርዱ አንድ ሰው ታሞባቸው መልካው ላይ አረፉ። የታመመው ደግሞ አስተርጓሚያቸው ነበር። ቢምረው ቤቱ አስገባቸው፤ ሚስቱ የብርጓል፣ አጥሚት እየሠራች በሽተኛውን አስታመመች። ሲሄዱ ለውለታው አንድ ነገር ትተውለት ሄዱ። እንደ ጎማ የሚነፋ፣ ሲነፋ ግን እንደ እንጨት የሚጠነክር ረጅም ሳንቃ ነው፤ ሰው በላዩ ቆሞ የሚቀዝፈው። መንደሩ ሁሉ «ፈረንጁ ከቢምረው ሊማር መጣ» ብሎ ሳቀ። ከሳንቃው ጅራት አንድ ገመድ ይወጣል፤ ገመዱ ጫፍ ላይ የሚጣበቅ ጨርቅ አለ። ፈረንጁ ጨርቁን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠቅልሎ አሳየው። አስተርጓሚው ተኝቶ ስለነበር ሌላው ሁሉ በጣትና በራስ ንቅናቄ አለፈ።

ያን በጋ ቢምረው ታንኳውንና ሳንቃውን ሲያወዳድር ከረመ። የሚሞክርብኝ ጭነት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን በዚህ፣ አንድ ቀን በዚያ እያሻገረ «እንዴት ነው? የቱ ይሻላል?» ይለኛል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ኪዳነ ምሕረትን እለማመን ነበርና ምን አውቄ ልንገረው!

«ታንኳው በሬ ነው፣ ሳንቃው ፈረስ» አለኝ በመጨረሻ። በተኛ ውሃ ላይ ታንኳው መቅዘፊያው ባረፈ ቁጥር ይቆማል፤ ስልቻውም ይተነፍሳል፣ ቅባት ካላገኘ ይተረተራል። ቢሆንም ሰው እንቅልፉን እየተኛ ይሻገርበታል። ሳንቃው ሁለት ጊዜ ቢቀዝፉት ብዙ ይሄዳል፤ ከሥሩ እንደ ዓሣ ክንፍ ያለ ነገር ስላለው ቀጥ ብሎ ነው የሚሮጠው። ግን ጠባብ ነው፤ ከፊት አንድ ሰው ካስቀመጠ ከዚያ ወዲያ አይችልም፣ የተቀመጠው ቢያስነጥስም ይንገዳገዳል። ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። ታንኳውን ነፋሱ ጎኑን ይዞ ያሽከረክረዋል። ሳንቃው ነፋሱን ከፊት ካገኘው አፍንጫውን አንስቶ ሰው ይጥላል፤ ቢምረውን ስንቴ ጥሎታል! ከኋላ ካገኘው ግን ቢምረው ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ከአንዱ ማዕበል ወደ ሌላው እየተንሸራተተ፣ መቅዘፊያውን ለአቅጣጫ ብቻ እየነከረ ይመጣል። እኛ ዳር ያለው መውጫ ከማዶው ይልቅ ወደ ላይኛው ውሃ ስለሆነ፣ ወደ እኛ ሲመለስ ነፋሱ ሁልጊዜ ከኋላው ነው።

እናም ቆረጠ። ወደ ማዶ የሚሄደውን ሰው በጧት በታንኳ፣ ወደ እኛ የሚመለሰውን ከቀትር በኋላም ቢሆን በሳንቃ። የመጀመሪያው ሕግ በዚህ ቀረ። «አባትህ ቢያዩህ ምን ይሉ ነበር?» ብዬ ተቆጣሁት።

«አባቴ ሳንቃ አልነበራቸውም» አለ።

ሁለተኛውን ሕግ ግን አልነካውም። የፈረንጁን ገመድ በራሱ እግር ሳይሆን በተሻጋሪው እግር ላይ ያስራል። በሚጣበቀው ጨርቅም አላመነም። «ጨርቅ ሰው ይይዛል?» ብሎ ከጨርቁ በላይ የአባቱን ጠፍር ደግሞ ደጋግሞ ይጠመጥምበትና ያን የማይፈታ ቋጠሮ ይቋጥረዋል። እኔም እንደዚያ ታስሬ ስንት ጊዜ ተሻገርኩ። በበጋ ውሃ ምንም አልሆንኩም።

ቢምረውና የብርጓል አንድ ልጅ ብቻ ነበረቻቸው፣ ዘቢደር። ዋና ያስተማራት እሱ ነው፤ በኋላ እሱንም ትቀድመው ነበር። ማዶ ላለ ገበሬ ተድራ በዓመቱ አረገዘች። በእኛ አገር የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለድ። የብርጓል የገንፎውን ዱቄት አስፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ፣ መደቡን ለቅልቃ ልጇን ትጠብቃለች። ግን የባሏ እርሻ አላልቅ አለና ዘቢደር ዘገየች። ሰኔ ሚካኤል ሲያልፍ ታንኳ ከወንዙ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ጥቅምት ማዶ ለማዶ መጠራራት እንጂ መገናኘት የለም።

የመጣችው በሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ከቀትር በኋላ ነው። ባሏ በበቅሎ አምጥቶ ማዶ ዳር አወረዳት። እኔም ከገበያ ስመለስ እዚያው ደረስኩ። ተጣርተን ቢምረው በሳንቃው መጣ፤ ነፋሱ ከፊቱ ስለነበር ተንበርክኮ፣ ሁለት ጊዜም ወድቆ ነው የደረሰው። ውሃው ገና አልሞላም፤ ግን ቀልቷል፣ ይሄዳል፣ ቅርንጫፍና ግንድ ይዞ ይወርዳል።

«ነገ በማለዳ በታንኳው ይሁን» አልኩት።

«እዚሁ ዘመድ ቤት እናድራለን» አለ ባሏም።

ቢምረው ወደ ጮቄ ተራራ ቀና ብሎ አየ። ሰማዩ ከስሎ ነበር። «ያን ደመና አታዩም? ደጋው ላይ ዘንቦ ሌሊት ሞልቶ ቢያድር፣ ልጄ እዚህ ያለ እናቷ ልትወልድ ነው? እናቷን ምን ልበላት? ነፋሱ ከኋላዬ ነው፤ ዓይን እስክትጨፍኑ አደርሳታለሁ።»

ከፊት አስቀመጣትና ጨርቁን እግሯ ላይ ጠቀለለ፣ ጠፍሩን አወጣ።

«አባባ፣ እኔንም ታስረኛለህ? ዋና ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ?» አለች እየሳቀች።

«ተሻጋሪ ይታሰራል፤ ዛሬ ደግሞ ሁለት ናችሁ።»

«አያ አወቀ፣ እርስዎ ምስክር ይሁኑኝ፤ የገዛ አባቴ እንደ ወንበዴ አሰረኝ!» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ በረሩ። እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ቀን ሳንቃው ሲያምር አይቼ አላውቅም። ቢምረው ከኋላ ቆሞ፣ ነጠላዋ ከፊት እየተውለበለበ፣ ማዕበሉን እየረገጡ ሄዱ። እመሃል ሲደርሱ አንድ ቅርንጫፉ ያልተመለመለ ግንድ ከላይ መጣ። ቢምረው አየው፤ ሳንቃውን አዞረና ግንዱን አሳለፈው። ቅርንጫፉ ግን ከሳንቃው ጅራት እስከ እግሯ ውሃ ውስጥ የሚጎተተውን ገመድ ያዘ። ሳንቃው ተገለበጠ፣ ሁለቱም ውሃ ገቡ። ዘቢደር ብቅ አለች፣ እጇን ዘርግታ ሁለቴ ዋኘች፤ እንደምትወጣ አመንኩ። ከዚያ እግሯን የሚጎትታት ያለ ይመስል ቁልቁል ሄደች።

ቢምረው እየጠለቀ እየወጣ ከግንዱ ጋር ወረደ። ሲወጣ «ቋጠሮው! ቋጠሮው!» ብሎ ይጮኻል። ባሏ ልብሱን ጥሎ ሊገባ ሲል ያዝኩት፤ እሱም እንደኔ ዋና አይችልም። ምን ላድርግ? ዳር ዳሩን እየሮጥኩ እንደ ሴት አለቀስኩ። ግንዱ እኛ በቆምንበት በማዶው ዳር ዝቅ ብሎ ከድንጋይ ጋር ተሰነቀረ፤ ቢምረውም እዚያው ሙጭጭ ብሎ ቀረ። ስንደርስ እጁ ተልጦ ደም ይወርደዋል፤ ጥፍሩ የቀረው በጠፍሩ ላይ ነው። ጩቤ አውጥቼ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላማ ምን ዋጋ አለው! ሁለቱም ሄደዋል፣ እሷም፣ ያልተወለደውም።

ሌሊቱን ጠብታ አልዘነበም። ያ ደመና ለማንም ሳይሆን ተበትኖ አደረ፤ ዓባይም አንዲት ጣት አልጨመረም። ቢምረው ከማዶ ሰዎች ስልቻ ተበድሮ፣ በስልቻው ወደ መንደሩ ዳር ዋኝቶ ሄደና ታንኳውን አመጣ። በማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ውሃው እንደተኛ ልጁን አሻገራት። ባሏና እኔም አብረን ነበርን። ታንኳው ትንሽ እንኳ አልተናወጠም። ማናችንንም አላሰረም።

የብርጓል መልካው ድረስ ወርዳ ነበር። ያየችውን አልጽፈውም።

ከዚያ ወዲህ ቢምረው አሻጋሪነቱን ተወ። ሳንቃውን ውሃ ወስዶታል፤ ታንኳውን ለሌላ ሰጠ። ሐዘኑ የሚቻል አልነበረም፣ ግን አንድ የሚይዘው ነገር ነበረው። «ባላስራትም ግንዱ ይመታት ነበር» ይላል። እኔም «እንዴታ! የእግዜር ቁጣ ነው» እለዋለሁ። ደጋግመን ስንባባለው እኔ እንኳ ላምነው ደርሼ ነበር። ሰው ሐዘኑን የሚችለው እንደዚያ እየዋሸም ቢሆን ነው።

ይህችንም እግዜር ነሳው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌሎች ፈረንጆች መጡ፤ ተስፋዓለም የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ መሪ አብሯቸው ነበር። ጀልባ የሚወጣበትን ቦታ አሳዩን ብለው ቢምረውን ለመኑት። እምቢ ሲል እኔ ነኝ የገፋፋሁት፤ ሰው ያጫውተዋል ብዬ። ወረድን። እንደዚያው ያለ ሳንቃ ይዘዋል፤ ገመዱ ግን እግር ላይ አይደለም፣ ወገብ ላይ ባለ ቀበቶ ነው የተያዘው። ቢምረው ቀበቶውን አተኩሮ አየው።

«ይኼ ምንድን ነው ልጄ?»

«የገመዱ መያዣ ነው አባቴ። ገመዱ እንጨት ቢይዘው ይህችን ጫፍ በአንድ እጅ መሳብ ነው፤ ወዲያው ይለቃል» ብሎ ሳብ አደረገው፤ ለቀቀ።

«እግር ላይ የሚታሰረውስ?»

«እሱ ለተኛ ውሃ ነው። በሚወርድ ውሃ እግር አይታሰርም። ያም ቢሆን የሚጣበቅ ጨርቅ ነው፤ እግርዎን ሰብሰብ አድርገው ቢልጡት ይለቃል።»

አሁንስ የቢምረውን ክንድ ይዤ ልወስደው ነበር።

«በጨርቁ ላይ ጠፍር ቢታሰርበትስ?» አለ።

ተስፋዓለም ሳቀ። ምን ያውቃል! «ኧረ አባቴ፣ ማን እንዲህ ያለ ነገር ያደርጋል?»

«ማንም» አለ ቢምረው።

ልጁን በጥፊ ባልኩት ደስ ባለኝ፤ ግን ምን አጠፋ? ዳገቱን ስንወጣ ቢምረው አንድ ጊዜ ብቻ ቆሞ «ዋና ታውቅ ነበር እኮ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ባላስራትም» የሚለው ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ለየብርጓል አልነገራትም፤ እንዳልነግርም በሥላሴ አስምሎኛል።

እሷ ሐዘኗ አልበረደላትም። ቆላ በወረድኩ ቁጥር እነሱ ቤት ነው የማርፈው። ማታ ማታ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን ወደ ወንዙ አድርጋ «ልጄን ያስቀረብኝ ዕረፍት አያግኝ» ትላለች። ዓባይን ማለቷ ነው። ቢምረው ከጎኗ ተቀምጦ «አሜን» ይላል።